ሕመማቸውን መናገር ለረሱ ሽማግሌዎች ማን ይናገርላቸው?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል ያገራችን ሰው። ምክሩ መልካም ነው። ነገር ግን ምክሩ የታመመ ሰው ሁሉ ቃል እንዳለውና ከፈለገ እንደሚናገር፣ ካልፈለገም እንደሚደብቅ አድርጎ ይገምታል። በየቤታችን ጋቢያቸውን ተከናንበው ጥግ ይዘው ከሚቀመጡት አረጋውያን መካከል ግን ሕመማቸውን ለመደብቅ አስበው ሳይሆን ለመናገር ተስኗቸው ዝም ያሉ አሉ። ጉልበታቸው ይቆረጥማቸዋል፤ ጉልበት የሚለውን ቃል ግን አጥተውታል። አንድ ነገር ይጠዘጥዛቸዋል፤ የሚጠዘጥዛቸው ጥርስ መሆኑን ለይተው ማወቅ አቅቷቸዋል። እነዚህ የመርሳት በሽታ የያዛቸው አባቶቻችንና እናቶቻችን ናቸው።

በዛሬው እሑድ ለአንባብያን ለማቅረብ የምንፈልገው ጉዳይ ይህ ነው፦ ቃል ጠፋ ማለት ሕመም ጠፋ ማለት አይደለም። ሕመም በአፍ መውጫ ሲያጣ በፊት፣ በእጅ፣ በእግር፣ በቁጣና በዝምታ ይወጣል። ይህን ለማስተዋል ደግሞ በዓመት አንድ ጊዜ ለሩብ ሰዓት ከሚያያቸው ሐኪም ይልቅ ሌትና ቀን አብሯቸው የሚኖረው ቤተ ሰብ የበለጠ ዕድል አለው። ምን መመልከት እንደሚገባው የነገረው ሰው ስለሌለ ግን፣ ብዙ ጊዜ ዐይኑ እያየ ያልፈዋል።

በጌጃ ሰፈር አንድ ቤት

የአሮጌዪቱ አዲስ አበባ ሰፈሮች ኑሮ ለብዙዎቻችን የታወቀ ነው። በልደታ ክፍለ ከተማ ያለው ጌጃ ሰፈርም ከነዚሁ አንዱ ነው። ቤቱ ግድግዳ ለግድግዳ ተዋስኖ፣ ግቢውና መጸዳጃው የጋራ ሆኖ፣ የአንዱ ቤት የቡና ሽታ ለሌላው መጥሪያ ሆኖ ሲኖርበት የቆየ ሰፈር ነው። የልደታ አካባቢ መልክ በመልሶ ማልማት ብዙ ቢለወጥና ብዙ ሰው ወደ ኮንዶሚኒየም ቢገባም፣ ሽማግሌን በቤት መጦር የሚባለው ልማድ ግን ከነዋሪው ጋራ አብሮ ፎቁን ወጥቷል።

እንግዲህ በዚህ ሰፈር አንድ ቤት እንዳለ አድርገን እናስብ። ነገሩ የብዙ ቤት ነገር ስለሆነ ስም አንሰጠውም። እናቲቱ ሰባ አምስት ዓመት አልፏቸዋል። መርሳት ከጀመራቸው አምስት ዓመት ሆኗል። ታላቂቱ ልጃቸው የሱቅ ሥራዋን ትታ ታስታምማቸዋለች። ታናሹ ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ በአንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥሯል፤ የወር ደመወዙን ከፍሎ ይሰጣል፤ ማታ ማታም ሲገባ «እማዬ፣ እንዴት ዋልሽ?» ብሎ ይጠይቃል። እሳቸውም «ደኅና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ።

ካንድ ወር ወዲህ ግን የእናቲቱ ጠባይ ተለወጠ። ጠዋት ልብስ ሲለብሱ ይጮኻሉ፤ አንድ ቀን ልጃቸውን በጥፊ መቷት። ከቡና ጋራ ይወዱት የነበረውን ቆሎ ገፍተው «ጾም ነው» ይላሉ፤ ጾም ግን አይደለም። መጸዳጃ እንሂድ ሲባሉ እንቢ ይሉና ቆይተው በልብሳቸው ላይ ይለቁታል። ሌሊትም አይተኙም።

ጎረቤቱ ፍርዱን ለመስጠት አልዘገየም። አንዷ «በቃ፣ ጃጅተዋል» አለች። ሌላዋ ጠበል ይወሰዱ አለች። ወጣቱ ሠራተኛ ደግሞ የተማረ ነውና የእንቅልፍ ኪኒን ይገዛላቸው አለ። ሁሉም ያለው በቅን ልቡና ነው። ነገር ግን «ምናቸውን አሟቸው ይሆን?» ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው አልተገኘም።

መርሳትና መታመም

በቋንቋችን «ሕመም» የሚለው ቃል ሁለት ነገር በአንድነት ይሸከማል። አንደኛው በሽታው ራሱ ነው፤ ሁለተኛው ሥጋን የሚወጋው፣ የሚያቃጥለው፣ የሚቆረጥመው ስሜት ነው። ስለዚህ «የመርሳት ሕመም አለባቸው» ስንል የመጀመሪያው ሁለተኛውን ይጋርደዋል። በሽታቸው ታውቋል፣ ስሙም ተገኝቷል ብለን እንረካለን፤ ከመርሳቱ ጎን ሌላ የሚወጋቸው ነገር መኖሩን መፈለጉን እንተዋለን። «ጃጁ» የሚለው ቃል ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው፤ አንድ ጊዜ ከተነገረ በኋላ ሽማግሌው ያደረጉት ሁሉ በርሱ ይተረጐማልና ምርመራውን ይዘጋዋል።

ሐኪሞች ዲሜንሺያ የሚሉት የመርሳት በሽታ አንድ ብቻ አይደለም፤ ልዩ ልዩ የአንጎል በሽታዎች የሚያመጡት የአእምሮ ኃይል መድከም ነው። ከነዚህም የሚበዛው አልዛይመር የተባለው ሲሆን፣ ከመቶው ከ60 እስከ 70 የሚሆነውን ይይዛል። ስያሜው የጀርመናዊው ሐኪም የአሎይስ አልዛይመር ነው፤ እርሱም እ.ኤ.አ. በ1906 የአንዲት ሟች ሕመምተኛውን አንጎል መርምሮ ያገኘውን ለሐኪሞች ጉባኤ አስረድቷል። በሽታው በእርጅና ዘመን ይብዛ እንጂ የእርጅና ደንበኛ ጠባይ አይደለም፤ ሳይረሱ ዘጠና ዓመት የሚሞላቸው ሰዎች ብዙ ናቸውና።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ሰዎች ይህ በሽታ ነበረባቸው፤ ከመቶው ከ60 የሚበልጡትም የሚኖሩት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። በአገራችን የሰው አማካይ ዕድሜ ባለፉት ሠላሳ ዓመታት ውስጥ ወደ 20 ዓመት ያህል ጨምሯል። ይህ ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው። ነገር ግን ዕድሜ በረዘመ ቁጥር የሚረሱ ወላጆች ያሉባቸው ቤቶችም እየበዙ መሄዳቸው የማይቀር ነው። ዛሬ በትምህርት ላይ ያለው ወጣት ነገ የሚያስታምመው እርሱ ነው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ እንመለስ። በሽታው የሚያበላሸው ምኑን ነው ቢሉ፣ ሕመሙ ከየት እንደ መጣ መለያውን፣ ትናንትም እንዳመመ ማስታወሻውን፣ ለሰውም መንገሪያውን ነው። መወጋቱና መቃጠሉ ግን አይቀርም። እንዲያውም እኛ ሲያመን «ትናንት ጠረጴዛ መትቶኝ ነው፤ ነገ ይሻለኛል» ብለን እንጽናናለን። የሚረሱ ሰዎች ይህ መጽናኛ የላቸውም። ለምን እንደሚያማቸው አያውቁም፤ የሚያልፍ መሆኑንም አያውቁም። እንግዲህ ሕመሙ ከኛ ሊብስባቸው እንደሚችል መገመት አያስቸግርም።

በጥናት የተገኘ ማስረጃ

ይህ ነገር ከርኅራኄ ብቻ የተነገረ እንዳይመስል ሁለት ጥናቶችን እናንሣ። በአሜሪካ ሞሪሰንና ሲዩ የተባሉ ሁለት ሐኪሞች የዳሌ አጥንታቸው ተሰብሮ ሆስፒታል የገቡ ሽማግሌዎችን አነጻጽረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2000 አወጡ። ከነዚህ ውስጥ የመርሳት በሽታ የጠናባቸው የተሰጣቸው ማስታገሻ ሞርፊን አእምሯቸው ደኅና ለሆነው ከተሰጠው ሲሦው ብቻ ነበር። ስብራቱ አንድ ዓይነት ነው። አንደኛው ወገን «አመመኝ» ብሎ ይጠይቃል፤ ሁለተኛው አይጠይቅም። ይህ የሆነው ሐኪምና ነርስ ባለበት ሆስፒታል ነውና፣ በየቤቱ ምን ሊሆን እንደሚችል አንባቢ ይገምት።

ሁለተኛው ጥናት የኖርዌይ ነው፤ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። በ18 የአረጋውያን መጦሪያ ቤቶች የሚኖሩ 352 የሚረሱና የሚበጠበጡ ሰዎች ተመርጠው፣ ግማሾቹ ለ8 ሳምንት በሥርዓት የሕመም ማስታገሻ ተሰጣቸው። ለአብዛኞቹ የተሰጣቸው እኛ ለራስ ምታት የምንውጠው ፓራሲታሞል ነው። በስምንተኛው ሳምንት መጨረሻ ጩኸታቸው፣ መማታታቸውና መቅበዝበዛቸው በአማካይ ከመቶ 17 እጅ ያህል ቀንሶ ተገኘ። የእብደት ወይም የጠባይ ብልሽት ተብሎ ይቈጠር ከነበረው ውስጥ ጥቂት የማይባለው የጉልበት፣ የወገብና የጥርስ ጩኸት ነበር ማለት ነው።

ዓለም አቀፉ የሕመም ጥናት ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2020 ሕመም ለሚለው ቃል የሰጠውን ፍቺ ሲያሻሽል፣ በቃል መናገር ሕመምን ከመግለጫ መንገዶች አንዱ ብቻ መሆኑንና መናገር ያልቻለ ሁሉ አያመውም ማለት እንደማይቻል አስፍሯል።

«ደኅና ነኝ፣ ይመስገነው»

እኛ ኢትዮጵያውያን ደግሞ የራሳችን የሆነ ችግር አለን፤ እርሱም ሰላምታችን ነው። «እንዴት አደሩ?» ለተባለ ሰው መልሱ የታወቀ ነው። የሞት አልጋ ላይ ያለ ሰው እንኳ «ደኅና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ወይም «አልሐምዱሊላህ» ይላል። ይህ የእምነትና የጨዋነት መልስ ነው እንጂ ስለ ጤና የተሰጠ መግለጫ አይደለም። የመርሳት በሽታ ደግሞ ከልጅነት ጀምሮ ሺህ ጊዜ የተደጋገመውን የሰላምታ ቃል መጨረሻ ድረስ ይተወዋል። የልጃቸውን ስም የረሱ እናት «ይመስገነው» ማለትን አይረሱም። ስለዚህ በሰላምታ ጠይቆ የሰላምታ መልስ ተቀብሎ «ደኅና ናቸው» ብሎ መደምደም አይገባም።

ታዲያ እንዴት ይጠየቃል? በመጀመሪያ መጠየቅ ራሱ ይገባል፤ በሽታው ያልጠናባቸው ብዙዎቹ በትክክል ከተጠየቁ መልስ መስጠት ይችላሉና። ሁለተኛ፣ ስለ አሁን እንጂ ስለ ትናንት አይጠየቅም። ሦስተኛ፣ «የት ነው የሚያምዎት?» ከማለት ይልቅ ጉልበታቸውን በእጅ ነካ አድርጎ «እዚህ ጋ ያማል?» ማለት ይሻላል። አራተኛ፣ አንድ ጥያቄ ከጠየቁ በኋላ ዝም ብሎ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ መልሱ እስኪወጣ ጊዜ ይወስዳልና።

አምስተኛውም ቃል መለዋወጥ ነው። አማርኛ ለሕመም ድኻ ቋንቋ አይደለም። ራስ ይፈልጣል፤ ሆድ ይቆርጣል፤ ጎን ይወጋል፤ ጥርስ ይጠዘጥዛል፤ አጥንት ይቆረጥማል፤ ቁስል ይለበልባል። «ያምዎታል?» ሲባሉ «የለም» ያሉ አዛውንት «ይቆረጥምዎታል?» ሲባሉ «አዎን፣ እንዴታ!» ሊሉ ይችላሉ። ለብዙ አረጋውያን ቁርጥማት ማለት አብረውት የኖሩት ነገር እንጂ በሽታ አይደለምና። የአፋቸው ቋንቋ ኦሮምኛ፣ ጉራጊኛ ወይም ትግርኛ የሆነ ደግሞ በልጅነታቸው ቋንቋ ይጠየቁ፤ ኋላ የተማሩት ቋንቋ ቀድሞ ይጠፋባቸው ይሆናል።

ስድስቱ ምልክቶች

መልስ ከማይገኝበት ደረጃ ሲደረስ ግን ዐይን የጆሮን ሥራ ይሠራል። የአሜሪካ የአረጋውያን ሕክምና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2002 የሚታዩትን ምልክቶች በስድስት ክፍል ከፍሏቸዋል። እኛም በየቤታችን ኑሮ እየመሰልን እንመልከታቸው።

አንደኛው ፊት ነው። ግንባር መቋጠር፣ ዐይንን ጨፍኖ መጭመቅ፣ ከንፈርን መንከስ፣ የፍርሃት መልክ።

ሁለተኛው ድምፅ ነው። ማቃሰት፣ ማጉረምረም፣ ሲነኩ መጮኽ፣ አንዳንዴም ሟች እናታቸውን መጥራት። ያለወትሮው ዝም ማለትም ከዚሁ ይቈጠራል።

ሦስተኛው የሰውነት አያያዝ ነው። አንድን እግር ማነከስ፣ አንድ ቦታ ደጋግሞ ማሸት፣ ሲነኩ ክንድን ማሸሽ፣ ሰውነትን ማገተር፣ ወዲያና ወዲህ መወዛወዝ።

አራተኛው ከሰው ጋራ ያላቸው ግንኙነት ነው። ጨዋታ ይወዱ የነበሩት ይሸሻሉ፤ ትዕግሥተኛ የነበሩት ይሳደባሉ፤ የሚያጥባቸውን ሰው ይመታሉ።

አምስተኛው የዕለት ልማዳቸው ነው። ምግብ መተው፣ እንቅልፍ ማጣት ወይም ሲተኙ መዋል። በእምነት ልማድም ይታያል። ዳዊታቸውን ቆመው ይደግሙ የነበሩ አባት ተቀምጠው መድገም ከጀመሩ፣ ሲሰግዱ ግንባራቸውን ከመሬት ያገናኙ የነበሩ አባት ማጎንበስ ከተዉ፣ ወገብና ጉልበት መመርመር አለበት።

ስድስተኛው የአእምሮ ሁኔታ ነው። ያለምክንያት ማልቀስ፣ ድንገት ከወትሮው የባሰ ግራ መጋባት።

እነዚህ ምልክቶች አንዳቸውም ብቻቸውን «ሕመም አለ» ብለው አይፈርዱም። ረኀብ፣ ብርድ፣ ፍርሃት ወይም ሽንት መወጠርም እንደዚሁ ሊያስመስል ይችላል። ትልቁ ጥያቄ «ከወትሮው ተለውጧል ወይ?» የሚለው ነው። የወትሮውን የሚያውቅ ደግሞ ቤተ ሰብ ነው።

ጊዜ መምረጥም ያስፈልጋል። በርጩማ ላይ ጸጥ ብለው የተቀመጡ ሰው ምንም ላይታይባቸው ይችላል፤ የመገጣጠሚያ ሕመም የሚገለጠው ሲንቀሳቀሱ ነውና። ከአልጋ ሲነሡ፣ እጅጌ ሲያስገቡ፣ ሲታጠቡ፣ ደረጃ ሲወጡ ፊታቸውን ማየት ነው። በቁጥር መያዝ ለሚፈልግ ሰው እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ የወጣ ቀላል መመዘኛ አለ። አተነፋፈስን፣ ድምፅን፣ ፊትን፣ የሰውነት አያያዝንና ሲያባብሏቸው መረጋጋት አለመረጋጋታቸውን ለአምስት ደቂቃ ያህል ተመልክቶ ለያንዳንዱ ከ0 እስከ 2 ነጥብ መስጠት ነው፤ ድምሩ ከ10 ነው። ዛሬ 6 የነበረው ከማስታገሻ በኋላ 2 ከሆነ፣ ነገሩ ሕመም እንደ ነበረ ጥሩ ምልክት ነው።

ሕመሙ የት ይሸሸጋል?

ያችን የጌጃ ሰፈር ልጅ እናስታውሳት። አንድ ሰው እንድትመለከትና እንድትጽፍ መከራት እንበል። ለአንድ ሳምንት በደብተር ጻፈች። ጩኸቱ የሚሰማው ቀኝ እጃቸው እጅጌ ውስጥ ሲገባ ብቻ ነው፤ ግራው ሲገባ ምንም አይሉም። ጥፊውም የመጣው በዚያው ጊዜ ነበር። ቆሎና የዳቦ ቅርፊት ይገፋሉ፤ በወጥ የራሰ እንጀራ ግን ይበላሉ። መጸዳጃ ቤት የሚፈሩት መቀመጡን ነው፤ ቁጢጥ ለማለት ሲሞክሩ ጉልበታቸውን ይዘው ይመለሳሉ።

ደብተሩ ይዟት ወደ ጤና ጣቢያ ሄደ ማለት ይቻላል። የቀኝ ትከሻቸው ደርቆ ተገኘ፤ አንድ መንጋጋ ጥርሳቸው ተሰብሮ ድዳቸው መግል ይዟል፤ ጉልበታቸው በመገጣጠሚያ በሽታ አብጧል። የአንድ መጃጀት ሥራ የመሰለው ሦስት ሕመም ሆነ፤ ለሦስቱም መላ ነበረው። ፊቱ ክፍት የሆነ ልብስ ተገዛ፤ ሲለብሱ የታመመው እጅ አስቀድሞ ይገባል፣ ሲያወልቁ መጨረሻ ይወጣል። ጥርሱ ተነቀለ። ለመጸዳጃው ፖፖና መደገፊያ ያለው ከፍ ያለ መቀመጫ ተዘጋጀ። ሐኪሙ ያዘዘው ፓራሲታሞልም ከመታጠባቸው በፊት ይሰጣቸው ጀመር። እናቲቱ ዛሬም ልጃቸውን በእኅታቸው ስም ይጠሯታል፤ መርሳቱ አልዳነም። ጥፊው ግን ቀረ፤ ሌሊቱም ሌሊት ሆነ።

እንግዲህ ፈላጊ ሰው አስቀድሞ የሚያያቸው ቦታዎች እነዚህ ናቸው፦ ጥርስና ድድ፣ ትከሻ፣ ወገብና ጉልበት፣ የሆድ ድርቀት፣ የሽንት ቧንቧ ሕመም፣ ሥጋ ውስጥ የገባ የእግር ጥፍር፣ የጠበበ ጫማ፣ ብዙ በመተኛት ወገብና ተረከዝ ላይ የሚወጣ ቁስል። የሆድ ድርቀት ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን አንድን አዛውንት ሌሊቱን ሙሉ ሊያስጮኽ ይችላል።

ከታወቀ በኋላ ጥንቃቄ

ሁሉም ሕመም መድኃኒት አይጠይቅም። ሞቅ ያለ ጨርቅ፣ ቀስ ብሎ ማሸት፣ አቀማመጥን መለወጥ፣ ሳይቻኰሉ ማጠብ ብዙ ይረዳሉ። መድኃኒት ሲያስፈልግ በቅድሚያ የሚታሰበው ፓራሲታሞል ነው። እርሱም ልክ አለው፤ ለአዋቂ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ባለ 500 ሚሊግራሙ ከ8 ፍሬ አይበልጥም፤ ለቀጫጫና ለደካማ አረጋዊ፣ ጉበቱ ለታመመ ወይም መጠጥ ለሚያዘወትር ደግሞ ሐኪም ከዚህ ያሳንሰዋል። የጉንፋን መድኃኒቶችም ብዙዎቹ ይህንኑ ስለያዙ ደራርቦ መስጠት አደገኛ ነው።

በየመድኃኒት ቤቱ በቀላሉ የሚጠየቀው ዳይክሎፌናክ ግን ለሽማግሌ የዋዛ አይደለም። ጨጓራን ያደማል፤ ኩላሊትን ይጎዳል፤ የደም ግፊት ከፍ ያደርጋል። ትራማዶልም መፍዘዝን፣ የሆድ ድርቀትንና ይበልጥ ግራ መጋባትን ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ ሁለቱም ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሰጡ። ስለ ማፍዘዣ መድኃኒቶች ደግሞ፣ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2005ና በ2008 ለአእምሮ ሕመም የሚሰጡ መድኃኒቶች ለሚረሱ አረጋውያን ሲሰጡ የሞት አደጋን እንደሚጨምሩ አስጠንቅቋል። አንዳንድ ጊዜ ሐኪም ሊያዝዛቸው ግድ ይሆንበታል፤ ነገር ግን ሕመሙ ሳይፈለግ ሰውየውን ማደንዘዝ፣ እሳቱን ትቶ የሚጮኸውን ሰው አፍ እንደ መያዝ ነው።

ወጌሻን በሚመለከትም አንድ ማሳሰቢያ አለ። ሽማግሌ ከወደቁ በኋላ መቆም ካልቻሉ፣ አንዱ እግራቸው አጥሮ ወደ ውጭ ከዞረ፣ የዳሌ አጥንት ስብራት ሊሆን ስለሚችል ሳያሹና ሳይጎትቱ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል መውሰድ ነው። በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ድንገት አእምሯቸው ከወትሮው የባሰ ከተረበሸም ይህ መርሳቱ የጨመረ ሳይሆን ሌላ በሽታ የገባ ሊሆን ይችላልና ቀጠሮ አይጠበቅም።

ሐኪም ዘንድ ሲቀርቡም «እናቴ ትጮኻለች» ብሎ ከመናገር ይልቅ፣ መቼ፣ ምን ሲያደርጉ፣ ስንት ጊዜ፣ ከመቼ ወዲህ እንደ ጀመራቸው የተጻፈበትን ወረቀት መስጠት ይጠቅማል። ሐኪሙ የሚያያቸው ተቀምጠው ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ «ደኅና ነኝ፣ ይመስገነው» ማለታቸው አይቀርም።

ቤተ ሰብም አይደብቅ

በመጀመሪያ የጠቀስነው ምሳሌ ለበሽተኛው የተነገረ ነበር። እዚህ ላይ ግን ለቤተ ሰቡ ይሆናል። የሚረሳ ወላጅ ያለው ቤት ብዙ ጊዜ እንግዳ ሲመጣ በሩን ገርበብ ያደርጋል፤ ሰው ይስቅብናል ብሎ ያፍራል። ይህ በታላላቆችም ቤት የኖረ ነገር ነው። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በመጨረሻ ዘመናቸው በአንጎል ደም ሥር በሽታ ሰውነታቸው ሽባ ሆኖ፣ አንደበታቸውም ተዘግቶ ነበር። እስከ 1902 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ፣ ከዚያም በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ በ1906 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ ልጃቸው ዘውዲቱ አስታመዋቸዋል። የንጉሠ ነገሥቱ መታመም ከሕዝብ የተሸሸገው የመንግሥት ነገር ስለሆነ ነው። በጌጃ ሰፈር ላለ ቤት ግን ይህ ምክንያት አይሠራም፤ የሚሸሽገው መንግሥት የለውምና መሸሸጉ ጉዳት ብቻ ይሆንበታል።

ከዚህ ታሪክ ሌላም ነገር እናያለን። ያስታመሙት ሚስትና ሴት ልጅ ናቸው። ዛሬም ቢሆን፣ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው፣ የሚረሱ ሰዎችን ለማስታመም ከሚውለው ሰዓት ውስጥ ከመቶ 70 እጁን የሚሠሩት ሴቶች ናቸው። ወንድሜ ወጣቱ ሠራተኛ ደመወዙን ከፍሎ ሲሰጥ ድርሻውን የጨረሰ ይመስለዋል። ነገር ግን ሌሊቱን ያልተኛች እኅት ከድካሟ የተነሣ ምልክቱን ማስተዋል ያቅታታል። በሳምንት አንድ ሌሊት ተክቷት ያደረ ወንድም ያንድ ወር ደመወዝ የማይገዛውን ሰጣት ማለት ነው። ጎረቤትና እድርም ሰው እስኪሞት መጠበቅ የለባቸውም፤ ያስታማሚን ሸክም ለግማሽ ቀን መቀበል ከለቅሶ ድንኳን የማያንስ ቁም ነገር ነው።

በአገራችን የተጀመረ መልካም ሥራም አለ። ሆስፒስ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ ተመሥርቶ በጠና የታመሙ ሰዎችን በየቤታቸው እየዞረ ሕመማቸውን ሲያስታግስ ቆይቷል። ጧሪ ላጡትም በአቶ ቢንያም በለጠ የተመሠረተው መቄዶንያ አለላቸው። ነገር ግን ድርጅቶች የሚደርሱት ለጥቂቱ ነው፤ ብዙው ሽማግሌ ያለው በልጁ ቤት ነው።

የተማርነው ትምህርት ለመሥሪያ ቤት ብቻ አይደለም። ማስታወሻ መያዝን፣ ምክንያት መፈለግን፣ ሳይመረምሩ አለመፍረድን የተማርነው ለቤትም ነው። ዛሬ እሑድ ነውና ቤት የሚውል ብዙ ነው። «እንዴት ነዎት?» ብሎ ከማለፍ ይልቅ አጠገባቸው ተቀመጡ። ጉልበታቸውን ነካ አድርጋችሁ ጠይቁ። ከወንበራቸው ሲነሡም ፊታቸውን ተመልከቱ።